«ምነው ከሳሽ?» ሲሉን

«ሰነፍ ነኝ መሰለኝ፤ ጀምሬ መተው ልማዴ ነው» አለችኝ። በየካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የምትኖር የ23 ዓመት ወጣት ናት። ክብደቷ በኪሎ ግራም ለቁመቷ በሜትር ስኩዌር ሲካፈል ከ30 በላይ ይመጣል፤ ሐኪሞች ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚሉት ማለት ነው። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ ትታዋለች።

ውድ ወጣቶች፣ እኔም መጀመሪያ የቁርጠኝነት ማነስ መስሎኝ ነበር። ስንጨዋወት ግን ሌላ ነገር ወጣ። በሦስተኛው ሙከራ ጥቂት ኪሎ እንደቀነሰች አንዲት ጎረቤት «ምነው ከሳሽ? ተመርመሪ እንጂ» አለቻት። በሰፈራችን ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ስንቱ መንምኖ ሲሞት ስላየን፣ መክሳት በሽታ፣ መወፈር ጤና ሆኖ በአእምሯችን ቀረ። ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን የሚነግረን ግን ምርመራ ብቻ ነው። እንዲያውም መድኃኒቱን ጀምረው ክብደት የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። ልጅቷ ያቆመችው ዳገቱን ሳይሆን ወሬውን ፈርታ ነው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ «እንቅስቃሴ እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን የበለጠ እንደሚሠራ አሳይቷል። እኛም ወረቀት አውጥተን ጻፍን፦ «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። ዝናብ ከጣለ እቤት ውስጥ እንቀሳቀሳለሁ። ከሳሽ ሲሉኝ ‹አዎ፣ በእግሬ እየሄድኩ ነው› ብዬ መንገዴን እቀጥላለሁ።» የመጨረሻዋን ጎረቤቷን ሆኜ ደጋግመን ተለማመድናት። ሳቅ በሳቅ ሆንን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እሷ የጀመረችው ግን በሜዳው ላይ በ10 ደቂቃ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም ስስ ነው፤ ከባድ ሰውነት ይዞ በመጀመሪያው ቀን እዚያ መድረስ ራስን ለሽንፈት ማዘጋጀት ነው። ሰው «እችላለሁ» የሚለው ትንሿን ነገር ችሎ ሲያይ ነው። ሚዛንም ለጊዜው ይቅር አልኳት፤ ኪሎ ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ ተስፋ ያስቆርጣል። በምትኩ የወጣችበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ ታከብባለች። አንድ ቀን ካመለጣት «አበቃልኝ» ሳይሆን «ቀጣዩ መቼ ነው?» ትላለች።

ባለፈው ወር ጎረቤቷ ያንኑ ጥያቄ ደገመችላት። መልሱ ተሰጣት። «በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» ብላ ሐሙስ አብራት ወጣች፤ ዳገቱ ሳይጋመስ ግን ተመልሳለች።