ራሱን የሚያድን ሬጉሌተር ስለምን አልነሣም ይላል?

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደ ቀድሞው የማይነሣ ዕቃ አለ። ፊዩዙ ደኅና ነው፤ የተቃጠለም ነገር አይታይም። ለዕረፍት ወደ ዲላ፥ ወደ ይርጋ ጨፌ ወይም ወደ ጨለለቅቱ የሚሄድ ተማሪ «ኤሌክትሪክ ትማር የለም ወይ?» እየተባለ እንዲህ ያለው ዕቃ ይቀርብለታል። ስለዚህ የነገሩን ምክንያት ባጭሩ እንመልከት።

ሀ. የመነሻ ከረንት

ባዶ ካፓሲተር ባዶ የቡና ማጠቢያ ገንዳን ይመስላል፤ ቦዩ ሲከፈት እስኪሞላ ድረስ ውሃውን ሁሉ ይስባል። በሬጉሌተሩ መውጫ ላይ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢኖርና ከረንቱ በ2 አምፔር ቢገደብ፥ 5 ቮልት እስኪደርስ 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የቆመ ሞተርም ሲነሣ ብዙ ይስባል። የቡና መፈልፈያው ሲነሣ የቤቱ መብራት ደብዘዝ የሚለው ስለዚህ ነው።

ለ. ገደቡ

ከረንቱ በ0.3 ኦም ሬዚስተር እንዲያልፍ ይደረጋል። 2 አምፔር ሲደርስ በሬዚስተሩ ላይ 0.6 ቮልት ይገኛል፤ ይኸውም አንድ ትንሽ ትራንዚስተር ከፍቶ ዋናውን ትራንዚስተር ያስታግሠዋል። ነገር ግን መግቢያው 12 ቮልት ሆኖ መውጫው ኮንታክት ቢፈጥር በዋናው ትራንዚስተር ላይ 24 ዋት ሙቀት ይቀራል። በደኅናው ጊዜ፥ 5 ቮልትና 1 አምፔር ሲያወጣ፥ ሙቀቱ 7 ዋት ብቻ ነው።

ሐ. አብሮ የሚወርድ ገደብ

ስለዚህ ቮልቱ ሲወርድ ገደቡም እንዲወርድ ተደረገ፤ ለምሳሌ በ5 ቮልት 2 አምፔር፥ በ0 ቮልት 0.5 አምፔር። በኮንታክት ጊዜ ሙቀቱ 6 ዋት ይሆናል። ትራንዚስተሩ ዳነ፤ ችግሩ ግን ከዚህ ይጀምራል።

መጠምጠሚያው 0.5 ኦም የሆነ፥ ሸክሙን ለማዞር 1 አምፔር የሚፈልግ ሞተር እናገናኝ። ከቆመበት ሲነሣ የሚያገኘው 0.6 አምፔር ገደማ፥ ቮልቱም 0.3 ብቻ ነው። ሞተሩ ካልዞረ ተቃራኒ ቮልቴጅ አይፈጥርም፤ ይህ ካልተፈጠረ የመውጫው ቮልት አያድግም፤ ቮልቱ ካላደገ ገደቡ አይላላም። ሬጉሌተሩ ሳይሞት እንደ ሞተ ይቀመጣል። በየሱቁ የሚገኘው 7805 እንኳ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው ልዩነት ሲበዛ ገደቡን ያጠብቃል።

መ. መፍትሔው

አስቀድሞ ሸክሙን ነቅሎ መውጫውን መለካት ነው። 5 ቮልት ከታየ ሬጉሌተሩ ደኅና ነው፤ መለወጥ አያሻም።  ከዚያም የማይወርደውን የ2 አምፔር ገደብ መርጦ መግቢያውን ወደ 8 ቮልት ዝቅ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የኮንታክቱ ሙቀት 16 ዋት ይሆናል፤ ማቀዝቀዣው ብረትም በዚሁ ልክ ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ ይኸውም «ይነሣልኝ» ብሎ ገደቡን በሽቦ ማለፍ ነው። ዕቃው ዛሬ ይነሣል፤ ኮንታክት በተፈጠረ ቀን ግን ቤቱን ከእሳት የሚጠብቅ አይኖርም።