ወደ ሩቅ አገር የሚመላለስ ነጋዴ የአየር መንገድ ደንበኝነቱን እንዴት ይምረጥ?

ቀድሞ የከተማችን ነጋዴ ጉዞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ያበቃ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት ሕግ ከተሻሻለ ወዲህ የይርጋ ጨፌን፣ የኮቸሬንና የገደብን ቡና የሚያቀርበው ሰው ከውጭ አገር ገዥ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት በር ስለ ሰፋ፣ ቡና ላኪው ወደ ፍራንክፈርትና ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። ዕቃ አስመጪውና ባለሱቁ ደግሞ ወደ ዱባይና ወደ ጓንግዡ ይመላለሳሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የአውሮፕላን ቲኬት በብር ሲታሰብ እጅግ የከበደ ወጪ ስለ ሆነ፣ ከዚሁ ወጪ ተመላሽ የሚሆነውን ጥቅም ማባከን ለንግድ ቤት አይገባም።

እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሓፊ ስሆን፣ ቲኬት ማስቈረጥና የጉዞ መዝገብ መያዝ የዘወትር ሥራዬ ነው። ከዚሁ ሥራ የተማርሁትን ለምክር ቤታችን አባሎች እንደ ትምህርት አድርጌ ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

የነገሩ መነሻ

ባለሱቅ ለዘወትር ደንበኛው ከሚዛኑ በላይ ጥቂት ምርቃት እንደሚጨምርለት ሁሉ፣ አየር መንገዶችም ተደጋግሞ ለሚሳፈራቸው መንገደኛ ምርቃት ይሰጣሉ። ይህ የደንበኝነት ፕሮግራም ይባላል፤ ምርቃቱም የሚሰፈረው በማይል ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትራንስፖርትን ዋጋ መቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በሕግ ሲተው ኩባንያዎቹ በዋጋ መሻማት ጀመሩ። አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኛውን ላለማጣት በሚያዝያ 1973 ዓ.ም. አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም አቋቋመ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሼባማይልስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ከዚህም በቀር አየር መንገዶች እርስ በርሳቸው በኅብረት ይተሳሰራሉ። ከእነዚህ አንዱ ስታር አሊያንስ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በአምስት አየር መንገዶች ተመሠረተ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2004 ዓ.ም. ገባበት። ሉፍታንዛ፣ የቱርክ አየር መንገድና የግብፅ አየር መንገድም በዚሁ ኅብረት ውስጥ ስለሚገኙ፣ በእነዚህ የተጓዘ ሰው ማይሉን በሼባማይልስ መዝገቡ ሊያስገባ ይችላል። እንደዚሁም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፍሮ ማይሉን ከኅብረቱ አባሎች ለአንዱ ፕሮግራም ማስቈጠር ይችላል። ስለዚህ የሚሳፈሩበት አየር መንገድና ማይል የሚያጠራቅሙበት ፕሮግራም የግድ አንድ መሆን አያስፈልጋቸውም። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው።

ማይል እንዴት ይቈጠራል?

ማይል የሚቈጠርበት መንገድ ሁለት ነው። በመጀመሪያው የበረራው ርቀት በቲኬቱ ዐይነት ይባዛል። በቲኬት ላይ የምትጻፍ አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ መንገደኛው የርቀቱን ሙሉ፣ እኩሌታውን፣ ሩቡን ወይም ከነጭራሹ ምንም እንዳያገኝ የምትወስነው እርስዋ ናት። ጎን ለጎን በአንድ ዐይነት ወንበር የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች የተለያየ ማይል የሚያገኙትም ስለዚህ ነው። በሁለተኛው መንገድ ርቀቱ ይቀርና የተከፈለው ገንዘብ ይቈጠራል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ወደዚህ አዙረዋል። እንግዲህ በርካሽ ቲኬት ሩቅ ለሚሄድ ነጋዴ ርቀትን የሚቈጥረው፣ በውድ ቲኬት ቅርብ ለሚሄድ ደግሞ ገንዘብን የሚቈጥረው ይሻለዋል።

ማይሉም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የሽልማት ማይል ሲሆን፣ ተጠራቅሞ ነጻ ቲኬት ወይም ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ክላስ መሻገሪያ ይሆናል። ሁለተኛው የደረጃ ማይል ነው፤ በአንድ ዓመት ወይም ፕሮግራሙ በወሰነው ጊዜ ውስጥ ተቈጥሮ አባሉን ወደ ብር፣ ወደ ወርቅና ከዚያም በላይ ወዳለው ደረጃ ያወጣዋል። ጊዜው ሲያልፍ ቈጠራው እንደገና ከባዶ ይጀምራል።

ለነጋዴ ከሁለቱ የሚበልጠው ደረጃው ነው። የስታር አሊያንስ የወርቅ አባል በኢኮኖሚ ክፍል ቢሳፈርም ሻንጣ በክብደት በሚታሰብበት መሥመር 20 ኪሎ ግራም፣ በቍጥር በሚታሰብበት መሥመር ደግሞ አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ረጅሙን ሰልፍ ትቶ በተለየ መስኮት ይስተናገዳል፤ በላውንጅ ማረፍም ይፈቀድለታል። ከጓንግዡ የመለዋወጫ ናሙና ይዞ ለሚመለስ አስመጪ፣ ወይም በሕግ የተፈቀደውን የቡና ናሙና ለገዥው ለሚያደርስ ላኪ፣ ይህ ትርፍ ሻንጣ በየጉዞው በገንዘብ የሚተመን ጥቅም ነው።

አንድ ምሳሌ

አንድ የዲላ ነጋዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ዱባይ፣ አንድ ጊዜ ጓንግዡ፣ አንድ ጊዜ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ ይጓዛል እንበል። ከአዲስ አበባ ዱባይ ወደ 1,560፣ ጓንግዡ ወደ 5,000፣ ፍራንክፈርት ወደ 3,320 ማይል ይርቃል። ስለዚህ የዱባዩ ሁለት ደርሶ መልስ 6,240፣ የጓንግዡ 10,000፣ የፍራንክፈርቱ 6,640፣ በድምሩ 22,880 ማይል ይሆናል። ፕሮግራሙ የብር ደረጃ የሚሰጠው በ20,000 ማይል ነው ብለን ለምሳሌ ያህል እንያዝ።

ነጋዴው ሁሉንም ሙሉ ማይል በሚያስገኝ ቲኬት ተጉዞ በአንድ መዝገብ ካስገባ ደረጃውን ያገኛል። ርካሽ ቲኬት እየገዛ እኩሌታው ብቻ ከተቈጠረለት 11,440 ላይ ይቀራል። ዱባይን በአንድ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገድ፣ ፍራንክፈርትን በሌላ፣ ጓንግዡን በሦስተኛ ተጉዞ በሦስት ፕሮግራም ከመዘገበ ግን በየትኛውም ከግማሽ አያልፍም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ፍራንክፈርት የሄደው በዚያው ኅብረት ውስጥ ባለ የአውሮፓ አየር መንገድ ነው፣ ቲኬቱም ሙሉ ማይል ያስቈጥራል ብንል፣ ማይሉ ወደ መጀመሪያው መዝገብ ሊገባለት ይችላል። ዱባይን ከኅብረቱ ውጭ በሆነ አየር መንገድ ከሄደ ግን 6,240ው ይጐድልበትና 16,640 ላይ ይቆማል። እንግዲህ የሚቀረው ጥያቄ፣ ሁለቱን የዱባይ ጉዞዎች ወደ ኅብረቱ ለማምጣት የሚጨመረው የቲኬት ዋጋ ደረጃው ከሚሰጠው ጥቅም ያንሳል ወይስ ይበልጣል የሚለው ነው። ይህን እርሳስ ይዞ ማስላት እንጂ በግምት መወሰን አይገባም።

ከዲላ ለሚነሣ ነጋዴ የትኛው ይስማማዋል?

አንደኛ፣ የአብዛኛው ጉዞው መነሻና መመለሻ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሆነ ሰው ሼባማይልስን አስቀድሞ ቢመለከት ተገቢ ነው። ከዲላ አዲስ አበባ በመኪና ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያስኬድ፣ ሐዋሳ ድረስ በመኪና ሄዶ ከዚያ በአውሮፕላን የሚቀጥል ነጋዴ አለ። ደረጃን በማይል ብቻ ሳይሆን በበረራ ቍጥርም የሚሰጥ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ሰው ይጠቅመዋል፤ አጭሩ የሐዋሳ በረራ ማይሉ ጥቂት ቢሆንም ቍጥር ይሞላለታልና።

ሁለተኛ፣ ንግዱ ከአውሮፓ ጋር ሆኖ በፍራንክፈርት ወይም በኢስታንቡል በኩል አዘውትሮ የሚያልፍ ሰው፣ የሉፍታንዛን ማይልስ ኤንድ ሞር ወይም የቱርክ አየር መንገድን ማይልስ ኤንድ ስማይልስ ከሼባማይልስ ጋር ያወዳድር። የሚያወዳድረውም ሦስት ነገር ነው፦ እርሱ የሚገዛው የቲኬት ዐይነት በእያንዳንዱ ስንት ማይል እንደሚያስገኝ፣ ደረጃ ለማግኘት ስንት እንደሚጠየቅ፣ ማይሉም ስንት ዓመት ሳይቃጠል እንደሚቆይ።

ሦስተኛ፣ ሥራው ከሞላ ጐደል ዱባይ ብቻ የሆነና በኤምሬትስ የሚመላለስ ነጋዴ ስካይዋርድስ የተባለው ፕሮግራም ሊበቃው ይችላል፤ ኤምሬትስ ከሦስቱ ታላላቅ ኅብረቶች በአንዱም እንዳልገባ ግን ይወቅ። የካታር አየር መንገድ በዋንወርልድ፣ የሳዑዲ አየር መንገድ በስካይቲም ኅብረት ስለ ሆኑ፣ በእነዚህ የሚጓዝም ከዚያው ኅብረት ውስጥ ይምረጥ።

ምርጫው የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን አይደለም። የስካንዲኔቪያ አየር መንገድ ስታር አሊያንስን ከመሠረቱት አምስቱ አንዱ ነበረ፤ ነገር ግን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ከኅብረቱ ወጥቶ ወደ ስካይቲም ተዛወረ። በእርሱ ፕሮግራም ማይል ያጠራቀሙ ሰዎች ማይላቸው ባይጠፋም በስታር አሊያንስ አየር መንገዶች የነበራቸው መብት በዚያው ቀረ። ስለዚህ ማይልን እንደ ባንክ ተቀማጭ ለብዙ ዓመት ማከማቸት ጥበብ አይደለም፤ በቂ ሲሆን ሊጠቀሙበት ይገባል። በነጻ ቲኬትም ቢሆን ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ እንደሚቀር፣ ለሽልማት የሚለቀቀውም መቀመጫ ጥቂት እንደ ሆነ አይዘንጋ። የጓንግዡ ታላቅ የንግድ ትርኢት በሚያዝያና በጥቅምት ስለሚከፈት፣ በዚያ ወቅት በማይል መሄድ የሚፈልግ ሰው ከብዙ ወራት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ማይሉ የማን ነው?

ቲኬቱን የሚከፍለው ንግድ ቤቱ ነው፤ ማይሉ የሚመዘገበው ግን በተሳፋሪው ስም ነው። ባለቤቱ ራሱ ሲጓዝ ችግር የለም። ወንድሙን፣ ሸሪኩን ወይም ሠራተኛውን ሲልክ ግን ጥያቄ ይነሣል። በዚህ ነገር አገሮች እንኳ አልተስማሙም። የጀርመን ከፍተኛ የሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት በ1998 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ አሠሪ በከፈለው የሥራ ጉዞ የተገኘውን ማይል ለሥራው ጉዞ እንዲውል ለመጠየቅ መብት አለው ብሏል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራ ጉዞ ያገኙትን ማይል ለግላቸው እንዲያደርጉት ፈቅዷል።

እኛም በየንግድ ቤታችን ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት በጽሑፍ መወሰን አለብን። ካልተወሰነ ግን ከጠብም የባሰ ጉዳት አለው፤ የተላከው ሰው ለራሱ ማይል ሲል ርካሹንና ቀጥተኛውን በረራ ትቶ ውዱንና ዘዋሪውን ሊመርጥ ይችላል። ምርቃቱን የሚወስደው እርሱ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ሲሆን ገበያው ይበላሻል። የሚሻለው ደንብ፣ በመጀመሪያ ጉዞው በዋጋና በሰዓት እንዲመረጥ፣ ማይሉ ከዚያ በኋላ እንዲታሰብ፣ ለሠራተኛውም ከጥቅሙ ድርሻ እንዲታወቅለት ነው።

የመዝገብ አያያዝ

የአባልነት ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደልም በቅደም ተከተልም አንድ ይሁን። ፀሐይ፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወይም ኃይሉ የመሰለ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ስለሚጻፍ ጥንቃቄ ያሻዋል። አንድ የማውቀው ነጋዴ ስሙ በአንድ ፊደል ስለ ተለያየ ብቻ የጓንግዡ ደርሶ መልስ ማይሉ ሳይመዘገብለት ቀረ፤ የመሳፈሪያ ወረቀቱንም ጥሎት ስለ ነበረ ለአቤቱታው ማስረጃ አጣ።

ስለዚህ ጸሓፊው የአባልነቱን ቍጥር ቲኬቱ ሲቈረጥ ያስመዝግብ፤ ቦርዲንግ ፓስ የሚባለውን የመሳፈሪያ ወረቀትም ማይሉ መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ በፋይል ያኑር። ለእያንዳንዱ ጉዞ ቀኑን፣ መሥመሩን፣ የቲኬቱን ዋጋና ፊደል፣ ለትርፍ ሻንጣ የተከፈለውን፣ የገባውን ማይልና የሚቃጠልበትን ጊዜ በአንድ መሥመር ይጻፍ። ማይሉ ካልገባ አቤቱታው ቶሎ ይቅረብ፤ የጊዜ ገደብ አለውና።

በአጭሩ፣ ካለፉት 12 ወራት የተጠራቀሙትን ቲኬቶች በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የት፣ በማን፣ በስንት እንደ ሄዱ መቍጠር የምርጫው መጀመሪያ ነው። አብዛኛው ጉዞ ወደሚያመዝንበት ኅብረት መግባት፣ በዚያም አንድ መዝገብ ብቻ መያዝ ይከተላል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጓዝ ሰው ግን ስለ ማይል ሳይጨነቅ ተስማሚውን ዋጋ ይፈልግ። ምርቃት ገበያ ለዋለ ሰው ይጨመርለታል እንጂ ለምርቃት ተብሎ ገበያ አይወጣም።