ምሬት ወደ ድምፅ የሚለወጠው መቼ ነው? የኑሮ ውድነትና የክፍለ ግዛት ምርጫ በኦንታሪዮና በብሪቲሽ ኮሎምቢያ

መግቢያ

የኑሮ ውድነት ሲበረታ ገዥው ፓርቲ በምርጫ ይቀጣል የሚለው ግምት በፖለቲካ ሳይንስ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በዚህ ግምት መሠረት መራጭ እንደ ዳኛ ነው፤ ኑሮው ሲቃና በሥልጣን ላይ ያለውን ይሸልማል፣ ሲከፋበት ደግሞ ያወርዳል። ከካናዳ ክፍለ ግዛቶች በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ በሆነችው በኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2022 የተካሄደው ምርጫ ግን ከዚህ ግምት ጋር አይስማማም። በዚያው ወር የካናዳ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት 8.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ይህም ከ1983 ወዲህ የተመዘገበ ከፍተኛው መጠን ነው። ሆኖም በርእሰ መስተዳድር ዳግ ፎርድ የሚመራው ፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ከሥልጣን አልወረደም፤ እንዲያውም መቀመጫዎቹን ከ76 ወደ 83 ከፍ አደረገ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኑሮ ውድነት ያስመረረው መራጭ ምሬቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠው በምን ሁኔታ እንደሆነ መመርመር ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ ምሬት ብቻውን መንግሥትን አይለውጥም የሚል ነው። ምሬት ፖለቲካዊ ኃይል የሚያገኘው ሁለት ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው፦ አንደኛ፣ ለችግሩ ተጠያቂ የሆነው አካል በግልጽ ሲታይ፤ ሁለተኛ፣ የተከፋውን ድምፅ የሚሰበስብ አንድ አማራጭ ሲገኝ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥልጣን ክፍፍልና የተጠያቂነት ብዥታ

የካናዳ የ1867 ሕገ መንግሥታዊ ሕግ በአንቀጽ 91 እና 92 ሥልጣንን በፌዴራሉ መንግሥትና በክፍለ ግዛቶቹ መካከል ያከፋፍላል። ገንዘብና ባንክ የፌዴራሉ ድርሻ ሲሆኑ፣ ሆስፒታሎች፣ ንብረትና የፍትሐ ብሔር መብቶች ለክፍለ ግዛቶቹ ተሰጥተዋል። የቤት ኪራይ ሕግና ለአብዛኛው ሠራተኛ የሚሠራው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም በክፍለ ግዛቶቹ ሥልጣን ሥር ይወድቃሉ።

በወረቀት ላይ ግልጽ የሚመስለው ይህ ክፍፍል በአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ላይ ሲታይ ይደበዝዛል። የቤት ብድር ወለድ የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ የሚወስነውን ተመን ይከተላል፤ ባንኩ በ2022 መጀመሪያ 0.25 በመቶ የነበረውን ተመን ደጋግሞ በማሳደግ በጁላይ 2023 አምስት በመቶ አድርሶታል። የነዳጅ ዋጋ በአመዛኙ ከዓለም ገበያ ይመጣል። የቤት ኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ግን የሚወሰነው በክፍለ ግዛቱ ነው። መራጩ የሚያየው በወሩ መጨረሻ የጎደለውን ገንዘብ እንጂ ያጎደለውን እጅ አይደለም።

ቢንግሃም ፓወል እና ጋይ ዊተን በ1993 ባሳተሙት ጥናት ይህን ጉዳይ "የኃላፊነት ግልጽነት" በሚል ጽንሰ ሐሳብ አብራርተውታል። በእነርሱ ትንታኔ መሠረት ውሳኔው የማን እንደሆነ በደበዘዘ ቁጥር መራጩ ለኢኮኖሚው ሁኔታ ገዥውን የመቅጣት ዝንባሌው ይዳከማል። ጥናታቸው አገሮችን ያነጻጸረ ቢሆንም በአንድ ፌዴሬሽን ውስጥ ያለን ክፍለ ግዛት ለመረዳትም ይጠቅማል።

ኦንታሪዮ፦ የሚታይ እፎይታ፣ የማይታይ ሸክም

የኦንታሪዮ መንግሥት ከ2022 ምርጫ በፊት ሁለት ዓይን የሚስቡ እርምጃዎችን ወሰደ። በመጀመሪያ የመኪና ቦሎ ዓመታዊ ክፍያን አስቀረ፤ ከማርች 2020 ጀምሮ የተከፈለውንም ለባለመኪናዎች መለሰ። ክፍያው በደቡባዊው ክፍል 120፣ በሰሜናዊው 60 ዶላር ነበር። ቀጥሎም የክፍለ ግዛቱ የቤንዚን ግብር ከጁላይ 1 ጀምሮ በሊትር 5.7 ሳንቲም እንዲቀንስ ሕግ አወጣ። ሁለቱም እርምጃዎች ለባለመኪናው ወዲያውኑ የሚታወቁ ነበሩ። በአውቶቡስ ወደ ሥራ ለሚሄደው ተከራይ ግን በቀጥታ ያስገኙለት ነገር አልነበረም።

በተከራዩ ላይ የከበደው ሌላ ውሳኔ ነበር። ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባባቸው ቤቶች ከኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ነፃ እንዲሆኑ የደነገገው ይኸው መንግሥት ነው። ለ2023 የተወሰነው ጣሪያ 2.5 በመቶ ሲሆን፣ በእነዚህ አዳዲስ ቤቶች የሚኖር ተከራይ ግን በዚህ ጣሪያ አይጠበቅም። በተመሳሳይም በጃንዋሪ 2019 ወደ 15 ዶላር ከፍ እንዲል ታቅዶ የነበረው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ14 ዶላር እንዲቆይ ተደረገ፤ 15 ዶላር የደረሰው በጃንዋሪ 2022 ነው።

የካርቦን ግብር ጉዳይ ደግሞ የተጠያቂነቱን አቅጣጫ ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ለማዞር አመቺ ሆነ። ኦንታሪዮ የራሷን የካርቦን ገበያ ሥርዓት በ2018 በመሰረዟ ከ2019 ጀምሮ የፌዴራሉ ክፍያ ተፈጻሚ ሆነባት። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ይህን የሚያስታውቅ ምልክት በየነዳጅ ማደያው እንዲለጠፍ አስገደደ፤ ግዴታውን ፍርድ ቤት በ2020 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ሽሮታል። ምልክቱ ቢቀርም ክርክሩ አልቀረም፤ ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ስለ ዋጋው ተጠያቂ ሆኖ የሚቀርብለት አካል ኦታዋ ነበር።

የ2022 ውጤት በዚህ መነጽር ሲታይ ትርጉሙ ይለወጣል። ከተመዝጋቢ መራጮች ድምፅ የሰጡት 43.5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ይህ በክፍለ ግዛቱ የምርጫ ታሪክ ዝቅተኛው ነው። ገዥው ፓርቲ በ2018 ወደ 2.3 ሚሊዮን ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ በ2022 ያገኘው ግን 1.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ወደ 400,000 የሚጠጋ ድምፅ አጥቶ ሰባት መቀመጫ ጨመረ ማለት ነው። ሊበራል ፓርቲና ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ እያንዳንዳቸው ወደ 24 በመቶ ድምፅ ሲያገኙ ድምራቸው ከገዥው ፓርቲ 41 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ግን የተከፋፈለ ድምፅ መቀመጫ አያስገኝም። በመጨረሻው ስሌት ለገዥው ፓርቲ ድምፁን የሰጠው ከአምስት ተመዝጋቢዎች አንድ እንኳ አይሞላም።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፦ ተቃራኒው ሁኔታ

በኦክቶበር 19 ቀን 2024 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተካሄደው ምርጫ ሁለቱ ሁኔታዎች ሲቀራረቡ ምን እንደሚከተል ያሳያል። በዚህ ክፍለ ግዛት የካርቦን ግብር ከ2008 ጀምሮ በራሱ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተጣለ በመሆኑ ተጠያቂነቱን ወደ ኦታዋ ማሳለፍ አስቸጋሪ ነበር። የኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲው ርእሰ መስተዳድር ዴቪድ ኢቢ የፌዴራሉ ግዴታ ከተነሣ ግብሩን ከሸማቹ ላይ እንደሚያነሡ ያስታወቁት ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

አማራጩም አንድ ሆኖ ነበር። ዋነኛው ተቃዋሚ የነበረው ዩናይትድ ፓርቲ በኦገስት መጨረሻ ከውድድሩ ራሱን ሲያገል፣ የተከፋው መራጭ በጆን ሩስታድ የሚመራውን ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እንደ ዋና መሰብሰቢያ አገኘ። ይህ ፓርቲ በ2020 ያገኘው ድምፅ ሁለት በመቶ አይሞላም ነበር፤ በ2024 ግን 43 በመቶ ገደማ ድምፅና 44 መቀመጫ አገኘ። ገዥው ፓርቲ ከ93ቱ መቀመጫዎች 47ቱን ይዞ በሥልጣን ቢቆይም፣ አብላጫውን ያረጋገጠለት የሰሪ ጊልድፎርድ ምርጫ ክልል በ22 ድምፅ ልዩነት ብቻ የተገኘ ነው። የመራጮች ተሳትፎም ከ54 ወደ 58 በመቶ ገደማ ከፍ አለ።

የማስረጃው ወሰን

ከእነዚህ አኃዞች ሊወሰድ የሚገባው ድምዳሜ መጠኑን የጠበቀ መሆን አለበት። በኦንታሪዮ ከምርጫ የቀረ ሁሉ የተማረረ ነው ማለት አይቻልም፤ በምርጫው ዘመቻ ወቅት የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ገዥውን ፓርቲ መሪ አድርገው ያሳዩ ስለነበር ውጤቱ የታወቀ መስሎት የቀረም ይኖራል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2020 የነበረው ዝቅተኛ ተሳትፎም በወረርሽኝ ወቅት የተመዘገበ ነው። ከዚህም ሌላ የጤና አገልግሎትና የሕዝብ ደኅንነት ጉዳዮች ከኑሮ ውድነት ጋር ተጣምረው በመራጩ ውሳኔ ላይ ይሠራሉ። ሁለት ክፍለ ግዛቶችን ማነጻጸር አንድን መላ ምት ያጠናክር እንደሆነ እንጂ አያረጋግጥም።

መደምደሚያ

በፌብሩዋሪ 2025 ኦንታሪዮ እንደገና ምርጫ ስታካሂድ ተመሳሳይ ገጽታ ታየ። ከምርጫው ቀደም ብሎ ለነዋሪዎች የ200 ዶላር ቼክ በፖስታ ተላከ፤ የተሳትፎው መጠን 45 በመቶ አካባቢ ሆነ፤ ሊበራል ፓርቲ በ30 በመቶ ድምፅ 14 መቀመጫ ሲያገኝ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ከ19 በመቶ ባነሰ ድምፅ 27 አገኘ፤ ገዥው ፓርቲም ለሦስተኛ ጊዜ አብላጫውን ያዘ።

ስለዚህ ዝቅተኛ ተሳትፎን እንደ እርካታ፣ የመቀመጫ ብዛትንም እንደ ሕዝብ ፈቃድ ሙሉ መግለጫ መቁጠር ስሕተት ላይ ይጥላል። በፌዴራላዊ ሥርዓት ውስጥ የመራጭን ምሬት የሚያጠና ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ምሬቱ ምን ያህል እንደሆነ ሳይሆን ለማን እንደሚቀርብ ነው። አዲስ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የሚኖር የኦንታሪዮ ተከራይ የኪራይ ጭማሪው ጣሪያ ይኑረው አይኑረው የሚወሰነው በራሱ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ነው። ይህን ሳያውቅ ቤቱ የቀረ ተከራይ ሊጠይቀው የሚችለውን ብቸኛ አካል ሳይጠይቅ ቀርቷል።