ማርክስን እንደገና ለምታነብ ልጄ

ልጄ፣ ማርክስ ላይ ተመሥርተው ባህልን የመረመሩትን ሰዎች ማንበብ ከጀመርክ አምስት ነገር ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ጥያቄያቸውን ያዝ። ጣሊያናዊው ግራምሺ በ1926 እ.ኤ.አ. በሙሶሊኒ ዘመን ታሰረ። ወህኒ ቤት ሆኖ ደብተር በደብተር ላይ ሲጽፍ የከነከነው አንድ ነገር ነበር፦ ድሃው የሚጨቁነውን ሥርዓት ወዶ የሚቀበለው ለምንድን ነው? ጠመንጃ ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጋዜጣው ቀድመው ልቡን ያለሰልሱታል።

2. ምርመራውን ከራስህ አፍ ጀምር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የምንለው ወታደር አጠገባችን ስለቆመ አይደለም። ያው አፍ ግን መልሶ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ግራምሺም የተራው ሰው አስተሳሰብ እርስ በርሱ ይጋጫል ብሏል፤ መገዛትም እምቢታም እዚያው አብረው ያድራሉ። የትኛው መቼ እንደሚነሳ ልብ በል።

3. ተመልካቹን አትናቅ። ጀርመናውያኑ ሆርክሃይመርና አዶርኖ ናዚን ሸሽተው አሜሪካ ሳሉ፣ ፊልሙና ሬዲዮው እንደ ፋብሪካ ዕቃ እየተመረተ ሰውን ያደነዝዛል ብለው ጻፉ። እውነትነት አለው፤ አዶርኖ ግን ጃዝን እንኳ በንቀት ነበር የሚያየው። ጃማይካ ተወልዶ በርሚንግሃም ያስተማረው ስቱዋርት ሆል በ1973 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ አሳየ። በእሱ ምሳሌ፣ ሠራተኛው «ለአገር ሲባል ደመወዝ አይጨመር» የሚለውን ዜና በቴሌቪዥን ሰምቶ ልክ ነው ይላል፤ በራሱ ፋብሪካ ግን ለደመወዙ ሥራ ለማቆም ዝግጁ ነው። ሰው የሰማውን ሁሉ እንደ ወረደ አይውጥም።

4. በጥቅስ አትሟገት። በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ወታደራዊው መንግሥት ደርግም፣ ፓርቲዎቹ ኢሕአፓም፣ መኢሶንም ከአንድ ምንጭ፣ ከማርክሲዝም፣ እየጠቀሱ ተላለቁ። ጥቅሱ አልጠፋም፤ የጠፋው አገሩን ራሱን አይቶ መመርመር ነው። ግራምሺን አዲስ የሃይማኖት መጽሐፍ ካደረግኸው ያው አዙሪት ውስጥ ትገባለህ።

5. ደመወዙን አትርሳ። የዌልሱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሬይመንድ ዊልያምስ ባህልን ከሰው አጠቃላይ አኗኗር አልነጠለውም። ዛሬ ግን ስለ ምስልና ስለ ማንነት ብዙ ገጽ ጽፈው የቤት ኪራይን አንዴም የማያነሱ አሉ። ስለ አንድ ፊልም ስትጽፍ ገንዘቡን ማን እንዳወጣ፣ ትርፉ ለማን እንደገባ፣ መብራት ያዡ ስንት እንደተከፈለው ጠይቅ። ይህን ሳታጣራ ጽሑፌ አለቀ አትበል።