ሰው የቆፈረው ወንዝ

የመቂ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል፤ የዋቤም ወንዝ ወደ ጊቤ ይፈሳል። በክረምት ድንጋይ እያንከባለሉ፥ በበጋ እየቀነሱ የሚሄዱ ስለ ሆኑ፥ የቡታጅራና የወልቂጤ ነጋዴ ጭነቱን በጀልባ አይልክባቸውም። ጥንት በአህያና በበቅሎ ይጭን ነበር፤ ዛሬ በመኪና ይጭናል። በእንግሊዝ አገር ግን ወንዙ አልመች ባለ ጊዜ ሰዎች ሌላ ወንዝ ቆፈሩ።

ነገሩም እንዲህ ነው። ብሪጅዎተር የሚባል መስፍን ዎርስሊ በተባለ ስፍራ የድንጋይ ከሰል ነበረው። ከሰሉን በፈረስ ጀርባ ወደ ማንቸስተር ከተማ ማድረስ ዋጋውን ያስወድደው ነበር። ስለዚህ ጄምስ ብሪንድሊ የሚባለውን ባለሙያ ጠርቶ የውሃ ቦይ አስቆፈረ። ብሪንድሊ ጽሕፈት እምብዛም አያውቅም ነበር፤ ሥራውን ሁሉ በልቡ ይዞ ነበር። ነገር ሲጠናበት አልጋው ላይ ተኝቶ ያሰላስል ነበር ይባላል። ቦዩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1761 ተከፈተ፤ የከሰሉም ዋጋ በማንቸስተር ወደ ግማሽ ወረደ።

የሥራው ጭንቅ መቆፈሩ ብቻ አልነበረም፤ ውሃው ወደ አፈር እንዳይሰርግ መከልከልም ነበረ። መድኃኒቱ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሸክላ አፈር በውሃ ተለውሶ በብዙ እግር ሲረገጥ ውሃ አያሳልፍም። ለቤት ምርጊት ጭቃ ሲረገጥ ያየ ልጅ ይህን በቀላሉ ያስተውላል። አንዳንድ ጊዜም ከብት በቦዩ ውስጥ እየነዱ ያስረግጡት ነበር። ይህ ንጣፍ በአንድ ስፍራ ቢሰነጠቅ፥ አይጥ እንኳ ብትበሳው፥ ውሃው ቀዳዳውን እያሰፋ ዳሩን ሊያፈርሰው ይችላል፤ ጀልባዎቹም በጭቃ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ጠባቂ ሁሉ የተመደበለትን ዳር በእግሩ እየተመላለሰ ይመረምር ነበር።

ጀልባዋ ጠባብና ረጅም ነበረች፤ ስፋቷ ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ፥ ርዝመቷ 21 ሜትር ያህል ነበረ። የጠበበችውም የውሃው በሮች ጠባብ ስለ ሆኑ ነው። ቦይ ኮረብታ መውጣት አይችልምና፥ በሁለት በሮች መካከል ውሃ እየሞሉ ጀልባዋን ወደ ላይ ያነሧታል፤ ውሃውን እያፈሰሱም ወደ ታች ያወርዷታል። አንድ ፈረስ በዳር እየሄደ በገመድ ሲስባት ከ20 ቶን የበለጠ ጭነት ይወስዳል።

ኋላ ባቡር መጣና የጀልባው ሥራ ቀነሰ። ብዙ ባለ ጀልባዎች የቤት ኪራይ መክፈል ስላልቻሉ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በጀልባው ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ይኖሩ ጀመር። ልጆቹ ፈረስ ይነዳሉ፥ በር ይከፍታሉ፤ ዛሬ በአንድ ከተማ፥ ነገ በሌላ ከተማ ስለሚያድሩ ግን ትምህርት ቤት አይገቡም። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ስለ እነርሱ ጮኸ። እርሱም ራሱ በልጅነቱ በጡብ መሥሪያ ቤት ሸክላ ይሸከም ነበርና የልጅ ድካም ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል። በ1877 ሕግ ወጣ፥ በ1884ም ተጠናከረ። በሕጉም መሠረት እያንዳንዱ የመኖሪያ ጀልባ ተመዝግቦ ቁጥሩና የተመዘገበበት ከተማ በላዩ ተጻፈ፤ ልጆቹም በዚያ ከተማ እንደሚኖሩ ተቈጥሮ እንዲማሩ ታዘዘ። ይሁን እንጂ ጀልባው መሄዱን አላቆመምና፥ ከውስጥ ከሚኖሩት ልጆች ብዙዎቹ በገዛ ቤታቸው ላይ የተጻፈውን ፊደል ማንበብ ሳይችሉ አደጉ።

ዛሬ የከሰሉ ጭነት ቀርቷል። ጠባቦቹን ጀልባዎች የሚነዷቸው ለሽርሽር የሚወጡና በውስጣቸው ለመኖር የወደዱ ሰዎች ናቸው። ከ2012 ወዲህ በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገድ የሚጠብቅ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። በጉራጌ መንደር ጀፎረውን ማንም ቆርሶ እንዳያጥረው ጎረቤት ሁሉ እንደሚጠብቀው፥ በዚያም በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ቦታ ለይተው ደለሉን ይጠርጋሉ፥ የተጣለውን ብስክሌትና ጎማ ያወጣሉ። የውሃው በሮች ከወይራ ዘመድ ሳይሆን ባሉጥ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠራሉ፤ እድሜያቸውም 25 ዓመት ያህል ነው። በክረምታቸው፥ ጀልባ በሚያንስበት ወራት፥ ውሃውን አፍስሰው አሮጌውን በር በአዲስ ይለውጡታል።