ከሁሉ በፊት የመጀመሪያዋ ማታ

የዲዝኒው ካምፕ ፎርት ዊልደርነስ መጀመሪያ የደረስን ዕለት መሽቶ ነበር። ከዋሽንግተን የተነሣው አውሮፕላናችን ዘግይቶ አረፈ። ሻንጣ ስንጠብቅ፣ መኪና ስንፈልግ ጨለመ። ድንኳኑን ልተክል ጎንበስ ስል በእጄ የነበረው የስልኬ መብራት ብቻ ነው። ካስማዎቹ የሉም፤ በእጅ ሻንጣ ይዣቸው ስለነበር ፍተሻው ላይ ቀርተዋል። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ሁለቱን ልጆች አቅፋ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ሄደች። ዝምታዋ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል፤ ሁለቱም ጊዜ በደስታ ነው የተመለስነው። ልዩነቱ በአንድ ነገር ነበር። ሁለተኛውን ጉዞ ሳቅድ ከዲዝኒ ፓርኮቹ አልጀመርኩም። የመጀመሪያዋን ማታ አሰብኩና ወደ ኋላ ቆጠርኩ፦ ሲመሽ የት እንሆናለን? በየትኛው ሻንጣ ምን አለ? ልጆቹ ምን በልተው ይተኛሉ? ያቺ ማታ ከተስተካከለች ቀሪዎቹ ቀኖች ራሳቸውን ያስተካክላሉ።

ይህን የምጽፈው በሠሩት ልክ ለሚከፈላቸው ወገኖቼ ነው፤ ለታክሲና ለኡበር ሾፌሩ፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛው፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ለምታድረው። የእኛ ሰው ልጆቹን ዲዝኒ ሊወስድ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው የቲኬቱን ዋጋ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ከሥራ የሚቀረው ቀን ይቆጠር እላለሁ። የተከፈለ ፈቃድ ያለው ሰው ቢያርፍም ቼኩ ይገባለታል። ሾፌር ያልነዳበት ቀን ግን ባዶ ቀን ነው። አምስት ቀን ከሥራ ቀርቶ አንዱን በድካም፣ አንዱን የረሳውን ዕቃ በመፈለግ የጨረሰ ሰው፣ ከሆቴል ያተረፈውን እዚያው መልሶ አጥቶታል።

ቦታውን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፎርት ዊልደርነስ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ አጠገብ፣ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ያለ የካምፕ ሥፍራ ነው። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ሲከፈት፣ ይህ ደግሞ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 19 ተከተለው። ቤይ ሌክ የሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ጥድ ጫካ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቦታ መብራትና ውኃ አለው፤ ጠረጴዛና የከሰል መጥበሻም አለው። በአቅራቢያው ሙቅ ውኃ ያለው መታጠቢያና ልብስ ማጠቢያ አለ። አንድ ቦታ እስከ 10 ሰው ይይዛል። ቦታ ስትይዙ የድንኳን ተብሎ የተለየውን ምረጡ። የፍሳሽ መስመር ያለው ውዱ ቦታ ለመኪና ቤቶች ነው፤ ድንኳን ይዞ የሚሄድ ሰው ለማይጠቀምበት ቱቦ ለምን ይከፍላል? ድንኳን ውስጥ ብታድሩም ደግሞ ትልቁ ሆቴል የሚያድሩት እንግዶች የሚያገኙትን አብዛኛውን መብት ታገኛላችሁ። አውቶቡሱና ወደ ማጂክ ኪንግደም የሚወስደው ጀልባ አይከፈልባቸውም። ፓርኮቹም ከሕዝቡ 30 ደቂቃ ቀድመው ይከፈቱላችኋል።

ወቅቱን በሚመለከት ጠንካራ አስተያየት አለኝ፦ በአሜሪካ በጋ፣ በሰመር፣ አትሂዱ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የፍሎሪዳ ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱም አይበርድም፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ አይቀርም፣ የሃሪኬን ወቅት ተብሎ የተያዘውም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ለድንኳን የሚስማማው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ነው። ከዚያ ውስጥ የታንክስጊቪንግና የፈረንጅ ገና ሳምንታት ይውጡ፤ ሕዝቡም ዋጋውም አይቻልም። እኔ የምመርጠው የዲሴምበርን መጀመሪያ ነው። ልጆቹ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ይቀራሉ፣ መምህራቸውን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሌላም ምክንያት አለኝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የምንበላው ሽሮና ምስር ነው፤ ለሥጋና ለቅቤ በረዶ መግዛት የለም። ጾም ለካምፕ እንዲህ እንደሚመች ሄጄ ነው ያየሁት። ሌሊቱ ግን ሊበርድ ስለሚችል ስሊፒንግ ባግ አይቅር።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። ሰዓቱን በአበሻ አቆጣጠር ልጻፈው። የድንኳን ቦታው ለእንግዳ የሚለቀቀው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። በዲሴምበር መጀመሪያ ኦርላንዶ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ነው ድንኳን የሚተከለው። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የሚያርፍ በረራ ያዙ፤ የማታው ቲኬት ሃምሳ ዶላር ቢረክስም ይቅርባችሁ። ከኤርፖርቱ እስከ ዲዝኒ ወደ 20 ማይል ነው። ድሮ ዲዝኒ እንግዶቹን ከኤርፖርት በነፃ ይወስድ ነበር፤ ያ አገልግሎት ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የለም። ታክሲ ወይም ኡበር ከሆነ የትንሽ ልጅ የመኪና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች የልጅ ወንበርና ጋሪ አያስከፍሉበትም።

መታወቂያም አለ። ከሜይ 7 ቀን 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራም ቢሆን ተራው መንጃ ፈቃድ አይበቃም፤ ሪል አይዲ ያለው፣ ካልሆነም ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ያስፈልጋል። ለልጆች አይጠየቅም።

ሻንጣው ላይ ግን ቆም እንበል፤ ገንዘቡ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ነው። በተለመደው ደንብ አንድ የሚጫን ሻንጣ 50 ፓውንድ፣ በእኛ 23 ኪሎ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ሲደመር ደግሞ 158 ሳንቲ ሜትር። ሳውዝዌስት ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭንልናል ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ የሚገዛ ተራ ቲኬት ያንን አያካትትም። ስለዚህ ዕቅዱ ሁለት ሻንጣ ለአራት ሰው ነው። ድንኳን ስትገዙ ስንት ሰው ያስተኛል ከማለታችሁ በፊት ታጥፎ ስንት ይረዝማል ብላችሁ ጠይቁ። ሰፊው የቤተሰብ ድንኳን ዋጋው ያጓጓል፤ ምሰሶው ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ክብደቱም ብቻውን የሻንጣውን ግማሽ ሊበላ ይችላል። የእኛው ታጥፎ ከክንድ ብዙም አይረዝምም።

ካስማ፣ መዶሻና ቢላዋ በሚጫነው ሻንጣ ይግቡ፤ እኔ የከፈልኩትን አትክፈሉ። የፍሎሪዳ አፈር አሸዋ ስለሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ካስማ አይይዝም፣ ረዘም ያለውን ግዙ። ፓወር ባንክ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። የጋዝ ቆርቆሮ በየትኛውም ሻንጣ አይፈቀድም። በጋዝ የሠራ ምድጃም ትንሽ ሽታ ካለው ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ መብራት ስላለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና ለውጭ የሚሆን ማራዘሚያ ይዛችሁ ሂዱ። ላይተር አንድ በእጅ ይያዛል፣ በሚጫነው ግን አይገባም። የትንኝ መከላከያውን ጫኑት።

ወንበር፣ የበረዶ ሣጥን፣ ከሰል፣ ውኃ፣ እነዚህን ከቤት አትሸከሙ። ኦርላንዶ ትልልቅ መደብር ሞልቷል። ርካሽ ታጣፊ ወንበር ገዝቶ ሲመለሱ ለጎረቤት ድንኳን መስጠት ሻንጣ ከመክፈል ይረክሳል። እኛ የሰጠናቸው ቤተሰቦች ከሰል መልሰው ሰጡን።

በእጅ ሻንጣችሁ ደግሞ የማታዋ ዕቃ ትሁን፦ ለእያንዳንዱ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። በመጀመሪያዋ ማታ ወጥ አይሠራም። ድንኳን ይተከላል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ድንኳኑ ያለበት ሻንጣ ቢጠፋስ? ከመነሣታችሁ በፊት ለካምፑ ቅርብ የሆነው ድንኳን የሚሸጥ መደብር የትኛው እንደሆነ አይታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

የምግቡ ነገር ለእኛ ሰው የተለየ ስለሆነ ልዘርዝረው። እንጀራ በእጅም ቢሆን ያልፋል። የተሠራ ወጥ ግን እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። በርበሬና ሽሮ ዱቄት ናቸው፤ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ከተያዘ ተለይቶ ይፈተሻል። ከጀርባችሁ ሰልፍ ቆሞ የበርበሬ ከረጢት ከማስከፈት፣ በሁለት ፌስታል አስራችሁ ጫኑት። ጀበናው በልብስ ተጠቅልሎ በእጅ ይያዝ፤ ከተጫነ ይሰበራል። ጠዋት ጥዱ ሥር ቡና ሲፈላ አጠገብ ያሉት ሰዎች የቡናው ሽታ ስቧቸው መጥተው ነው የተዋወቅናቸው። ፓርኮቹ ውስጥም ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ጠርሙስና አልኮል ግን አይገቡም። በረዶ ያለው ውኃ ፈጣን ምግብ ከሚሸጡት ዘንድ ጠይቁ፣ በነፃ ይሰጣሉ። ለአራት ሰው በቀን የሚድነው ገንዘብ ቀላል አይደለም።

አሁን የምለውን ግን እንደ ልመና ቁጠሩልኝ። ከሰል ድንኳን ውስጥ አይግባ። ቢበርድም፣ የሚጨስ ባይመስልም፣ ለዕጣን ብቻ ነው ብትሉም። የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ስንቱን እንደወሰደብን እያወቅን፣ ድንኳን ጨርቅ ስለሆነ ያስተነፍሳል ብሎ የሚያስብ አለ። አያስተነፍስም። ነጎድጓድ ሲሰማ ደግሞ ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ወደ መታጠቢያው ሕንፃ ግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። ሐይቁ አዞ አለበት፤ ልጆች ዳሩ ላይ አይጫወቱ። ምግብ ድንኳን ውስጥ ካደረ ራኩኑ ዚፑን ይከፍታል። ድንኳን ከመዘርጋታችሁ በፊት መሬቱን በእግር ሳይሆን በዓይን መርምሩ፤ ትንሽ የአፈር ቁልል ካለ ጉንዳን ነው፣ ንክሻውም እሳት ነው።

ድንኳን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታወሰን የዕድሩ ነው፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሠፈሩ ጎረምሳ ተረባርቦ የሚተክለው። እዚህ የሚረባረብ የለም። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፈራችሁ ባለው ፓርክ ሁለት ጊዜ ትከሉት፤ አንዱን ጊዜ ልጆቹ ይትከሉት፣ እናንተ ተቀምጣችሁ እዩ። የስምንት ዓመቱ ልጄ ዛሬ ምሰሶውን ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ ያገጣጥማል።

ስለ ፓርኮቹ ብዙ አልልም፤ ስለ እነሱ የሚነግራችሁ ሞልቷል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቲኬት አያስፈልገውም፣ 10 ዓመት የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል፤ ልደቱ የተቃረበ ልጅ ካላችሁ ቀኑን አስቡበት። ከድንኳን እስከ ፓርክ በር አንድ ሰዓት መድቡ፤ መጀመሪያ የግቢው አውቶቡስ፣ ከዚያ ጀልባ ወይም ሌላ አውቶቡስ ነው። በመካከል አንድ ቀን ፓርክ የማትገቡበት ይሁን። ሌሊት እየሠራ ለኖረ ሰው፣ ልጆቹ አጠገቡ እየተጫወቱ ጥላ ሥር መተኛት ከማንኛውም መጫወቻ ይበልጣል።

የመጨረሻው ጠዋት የራሱ ችግር አለው። ቦታው የሚለቀቀው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ የፍሎሪዳ ጤዛ ደግሞ ባይዘንብም ድንኳኑን አርሶት ያድራል። የረጠበ ድንኳን ይከብዳል፤ ሲመጣ 22 ኪሎ የነበረው ሻንጣ ሲመለስ 23ን አልፎ ቆጣሪው ላይ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ በዋዜማው ማታ የማያስፈልገውን ሁሉ ጠቅልሉ። ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች የላይኛውን ልባስ ገልብጣችሁ ፀሐይ ያለበት ገመድ ላይ ስጡት፣ ቡናውን ያኔ አፍሉ። ሦስተኛው ስኒ ሲያልቅ ጨርቁ ይደርቃል። ካልደረቀም በፎጣ አብሳችሁ በትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ለብቻው አስሩት፣ በትንሿ የእጅ ሚዛን መዝኑት፣ ቤት እንደገባችሁም ሳትተኙ በረንዳ ላይ አውጡት።