አፑ ሲቀል ቀኑ ይረዝማል

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ሆናችሁ ኮድ የምትጽፉ ወጣቶች፣ በላፕቶፓችሁ አቅም ማዘን ይብቃ! ራሙ 4 ጊጋ ባይት ይሁን፣ ኔትወርኩም ይቆራረጥ። ፈጣንና ቀላል አፕ መሥራትን ከማንም በፊት የሚማረው የቸገረው ሰው ነው፤ እናንተ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ናችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ሲጀመር የአንድሮይድ ኮርስም በነፃ ተከፍቷል። ከኮርሱ በኋላ ያለውን ግን በእጃችሁ ነው የምትጨምሩት።

እስኪ እናስላው። አንድ ቢልድ 6 ደቂቃ ቢፈጅና በቀን 20 ጊዜ ብታስኬዱት 2 ሰዓት ሄደ፤ ያውም መሀል ላይ መብራት ካልጠፋ። ይህን ሰዓት ማስመለስ ትችላላችሁ! መጀመሪያ ለኩ። ቢልዱን የሚያካሂደውን ግሬድልን ከ«ፕሮፋይል» ትእዛዝ ጋር ስታስኬዱት የትኛው ሥራ ስንት ሰከንድ እንደበላ ዘርዝሮ ያወጣላችኋል። ከዚያ የቢልድ ካሹን አብሩት፤ ያልነካችሁት ክፍል ዳግመኛ አይሠራም። ላይብረሪዎቹን አንዴ ግቢ ዋይፋይ ላይ ካወረዳችሁ ግሬድልን «ኦፍላይን» አድርጋችሁ ሥሩ። የላይብረሪውን ቨርዥንም ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ፤ በመደመር ምልክት ክፍት ከተዋችሁት ግሬድል «አዲስ ወጥቷል ወይ?» እያለ በየዕለቱ ኔትወርክ ፍለጋ ይወጣል።

ትልቁ ደስታ ያለው ግን የአፑን መጠን መቀነሱ ላይ ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ባለው የኤፒኬ አናላይዘር አፓችሁን ክፈቱት። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ሠራችሁ እንበል። ከላይ ፕሮሰሰሩ የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች፣ ቀጥሎ ለጀርባ የገባው ሰፊ ፎቶ፣ ከዚያ ሦስት ዓይነት የግዕዝ ፎንት ተደርድረው ታገኛላችሁ። ፎንቱ ለምን? አንድሮይድ ፊደላችንን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ ለጌጥ ካልሆነ አውጡት። ፎቶውን ወደ ዌብፒ ቀይሩት፤ በጉግል መረጃ ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል። ማንም የማይጠራውን ኮድ ደግሞ አር8 ጠርጎ ያወጣዋል፤ ማብራት ብቻ ነው። ጤፉን ሳያዘራ እብቁን ወደ ጎተራ የሚጭን የጎጃም ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህ ልፋት ፍሬ አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ትንታኔ አፕ 6 ሜጋ ባይት በጨመረ ቁጥር የሚጭነው ሰው በ1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በትንሽ ፓኬጅ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሜጋ ባይት ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ፕሌይ ስቶር የሚገባ አዲስ አፕ «አፕ በንድል» መሆን አለበት፤ ስቶሩም ለየስልኩ የሚስማማውን ቆርሶ ይሰጣል። እኛ ጋ ግን አፕ በቴሌግራምና ከስልክ ስልክም ይተላለፋል፤ በዚያ መንገድ ሲሄድ የሚቆርስለት የለም። ቆራጮቹ እናንተ ናችሁ! በፍላተር የምትሠሩ ከሆነ፣ ፍላተር ምንም ካላዘዛችሁት ለሦስት ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆነውን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀልላል፤ አንዱ በአብዛኛው ለኮምፒውተር ኢሙሌተር የሚሆን ነው። ለየፕሮሰሰሩ ለያይቶ እንዲያወጣ እዘዙት። ለ32 ቢት ስልክ የሚሆነውን እንዳትረሱ፤ ርካሽ ስልክ የያዘው ዘመዳችሁ ሞጣ ወይም ቢቸና ሆኖ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ዛሬ ማታ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ ቢልዱ የፈጀው ሰከንድና የአፑ ሜጋ ባይት። ነገ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ለጓደኞቻችሁ አሳዩ፤ የእነሱም ፕሮጀክት ውስጥ ያ ሰፊ ፎቶ ተቀምጦ ይሆናል።